«ያደርሳል» የተባለው ገጽ እና የአያ ደሴ ቤት

አዘዞ ጋራዥ በገባሁበት ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ክላክስ መጫን ነበር። ፎርማኑ ጋሽ ታፈረ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦ ይነካካል፣ እኔ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ እጫናለሁ። «ጮኸ?» ይለኛል። «አልጮኸም» እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል አረፈድን። ከምሳ በኋላ ድንገት ሲጮህ ዘልዬ ጭንቅላቴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁት፤ ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። ጋሽ ታፈረ ግን አልሳቀም። «በል፣ ሥራ ጀምረሃል» አለና መስመር የምንፈትሽበትን ቴስተር አስያዘኝ።

ረዳት ሆኜ ሽቦ ልጬ፣ ፊውዝ ቀይሬ፣ የባትሪ አሲድ ሱሪዬን በልቶት፣ ቀስ እያልኩ ወደ ሞተሪኖ እና ወደ ዲናሞ አደግሁ። ሞተሪኖ ሞተሩን ያስነሳል፣ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላል፤ ሁለቱን የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጎንደር ውስጥ ጦሙን አያድርም። በመጨረሻ የጋራዡ ዋና ኤሌክትሪሺያን ተባልኩ። መልቲሜትሬን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ከኪሴ የማልለይ፣ ደንበኛ «ባትሪው ደህና ነው» ቢለኝ እንኳ ሳልለካ የማላምን ሰው ነበርኩ። በዚህ ጠባዬ ሰው ሁሉ ይቀልድብኝ ነበር።

ነዳጅ የማይጠጡት መኪኖች ከተማችን ሲገቡ ፀጉሬ ሸብቷል። የመጀመሪያዋን ወደ እኔ ያመጣት ጥጋቡ ነው፤ አራዳ ላይ ታክሲ ሲነዳ ጀምሮ ደንበኛዬ የሆነ ሾፌር። ኮፈኑን ከፈትኩት። ሞተሪኖ የለም። ዲናሞ የለም። ካንዴላ የለም።

«ጥጋቡ፣ ዕቃው ተሰርቆብሃል» አልኩት።

እሱ ሲስቅ እኔ ኮፈኑን ዘጋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል። አንድ ሳምንት ያህል ተኮራርፈን ከረምን፣ እኔና መኪናዋ። ከዚያ ሽቦ ሽቦ ነው ብዬ እንደገና ረዳት ሆንኩ። ስክሪኑ በቻይንኛ ስለነበር የትኛው ምልክት ምን እንደሚሠራ እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሌ ያዝኩት።

መኪኖቹ ሲበዙ የሾፌሮቹ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። «ጋሽ አበራ፣ በዚህ ባትሪ ዳባት ያደርሰኛል?» ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ለሜዳ የተሰላ ነው፤ የወገራን ዳገትና ብርድ አያውቅም። ሁለት መቶ ይቀረኛል ብሎ የወጣ ሰው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል።

መላውን ያመጣችው ሰላማዊት ናት። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የባሏን መኪና ልታሠራ መጥታ ነው የተዋወቅነው። ስክሪኑን ስትነካካ ቆየችና «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ አፕ መጫን አይቻልም፣ የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ብራውዘሩ ግን የኢንተርኔት ገጽ ይከፍታል» አለችኝ። ብራውዘር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ልጄ ነበር፤ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ።

በሁለት ወር ውስጥ በመኪናው ብራውዘር የሚከፈት ገጽ ሠራች። ፊደሉ ትልልቅ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ የሚጫን ነገር የለው፣ የሚከፈል የለው። ሾፌሩ የባትሪውን መጠን፣ የጫነውን ሰው ብዛት እና የሚሄድበትን አገር ይሞላል፤ ገጹ «ያደርሳል» ወይም «አያደርስም» ይለዋል። ስሙንም «ያደርሳል» አልነው። ዳገቱን የለካሁላት እኔ ነኝ። ከጥጋቡ ጋር ከጎንደር እስከ ደባርቅ እየተመላለስን በየከተማው ባትሪው ስንት እንደቀረ በደብተር ጻፍኩ።

መጀመሪያ ላይ ገጹ ይሳሳት ነበር። ምክንያቱን ስናጣራ ሾፌሮቹ የሰው ብዛት ሲጠየቁ ሁልጊዜ «አራት» ይላሉ፤ ሰባት ጭነው።

«ምነው ትዋሻላችሁ?» አልኩት ጥጋቡን።

«ትራፊክ ፖሊስ በመስኮት ስክሪኑን ቢያየውስ?» አለኝ።

ሰላማዊት ቁጥሩን አጠፋችውና በምትኩ ሦስት ቁልፍ አደረገች፦ «ብቻዬን»፣ «ቤተሰብ»፣ «ሰርግ»። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሁሉ እውነት ተናጋሪ ሆነ። ከገበያ የሚመለሰው እንኳ በጎቹን ኋላ ጭኖ «ሰርግ» ይላል።

የቀረን ነገር መንገድ ላይ ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ነበር። «ይሄን ለእኔ ተይው» አልኳት ሰላማዊትን። በሁለት ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት በመንገድ ዳር ያለውን ቤት፣ ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት አዳረስኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ቢቸገር ትቀበሉታላችሁ?» እንቢ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ከገደብዬ በፊት ያለው የአያ ደሴ ቤት ግን ልዩ ነበር። አያ ደሴ በቅሎና ንብ ያላቸው፣ አገሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። «ምነው እንዲህ ያለ ጥያቄ! እንግዳ ከደጄ ሲመለስ አይተሃል? ይምጣ፣ ቤት ያፈራውን ይቀበላል» አሉና ጠላ አስቀዱልኝ። ጣሪያቸው ላይ አምፖል በርቷል። መልቲሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ላወጣው አሰብኩና ይሉኝታ ያዘኝ። ጠላቸውን እየጠጣሁ፣ ቃላቸውን ሰጥተውኝ ሳለ ግድግዳቸውን ልመረምር ነው? ነውር መሰለኝ። አሥራ አራት ቦታ መዝግቤ እየዘፈንኩ ተመለስኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ደግሞ በጣም ነበር የሮጥኩት።

ከወር በኋላ ጥጋቡ ሙሽራ እንዲወስድ ተቀጠረ። ሙሽራው ዮናስ ይባላል፣ ነርስ ነው፤ ሙሽሪት ያለችው ከዳባት ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አገር። አባቷ ስለሌሉ የሚድሯት አጎቷ አያ ወርቁ ናቸው። አያ ወርቁ የከተማ ሰው ቃል የለውም ብለው ዮናስን ሁለት ዓመት ሽማግሌ አስላኩት። በመጨረሻ እሺ ሲሉም አንድ ነገር አሰሩበት፦ «እስከ ስድስት ሰዓት ከደጄ ካልደረሰ ድንኳኑን አፈርሳለሁ።» የሚያውቋቸው ሁሉ እንደሚያፈርሱት አይጠራጠሩም።

«ና አብረኸን ሂድ፣ ገጻችሁ በእውነተኛ ሰርግ ይፈተን» አለኝ ጥጋቡ። ሄድኩ። አጃቢዎቹ በአውቶቡስ ቀድመዋል። እኛ ሙሽራው፣ ሁለት ሚዜዎች፣ ጥጋቡና እኔ ነን፤ ኋላው በጥሎሽ ዕቃ ተሞልቷል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው በደንብ አልሞላም፤ ጥጋቡ «ሰርግ» የሚለውን ተጫነ። ገጹ «ያደርሳል፤ አያ ደሴ ቤት ለአንድ ሰዓት ሙላ» አለ። ጊዜ ነበረን። ሚዜዎቹ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እያጨበጨቡ ዘፈኑ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አያ ደሴ ደጅ ስንደርስ ባትሪው ስድስት በመቶ ነበር። ሽማግሌው ሙሽራ ሲያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም። የመሙያውን ገመድ ይዤ «አያ ደሴ፣ ሶኬቱ የት ነው?» አልኳቸው። ጣሪያቸው ላይ ወዳለች የሰፌድ ስፋት ወደምታህል ሶላር ጠቆሙኝ። አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው የምትችለው። ዘለው ገቡና ሬዲዮናቸውን ነቀሉት።

«በሉ፣ ሁሉንም ውሰዱ» አሉን።

ገመዱን መልሼ ጠቀለልኩት። ያቺ ሶላር መኪናዋን ለመሙላት ስንት ወር እንደሚፈጅባት ላስበው አልፈለግሁም። ዮናስ ፊቴን አይቶ ገባው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሰዓቱን ያይ ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለ አንደኛው ሚዜ። «ባለ ነዳጇን መኪና ትተን!»

አጃቢዎቹ ጋ ደወልን፤ እነሱ ያሉበት ኔትወርክ የለም። ወደ ዳባት የሚያልፉት ሚኒባሶች ገበያተኛ ሞልተው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ አያ ደሴ ላይ ንዴት መጣብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱን ከራሴ ለማሸሽ ነው።

«አያ ደሴ፣ ምነው ኤሌክትሪክ እንደሌለዎ ቢነግሩኝ?»

«አንተ እንግዳ ትቀበላለህ ወይ አልኸኝ፣ እቀበላለሁ አልኩህ። ሽቦዬን መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን ጠየቁን፤ ስለ አያ ወርቁና ስለ ስድስት ሰዓት ዮናስ ራሱ ነገራቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሳይጨርሱ ወደ በረቱ ተጣሩ። ለጥምቀት ብቻ የምትወጣው በቅሏቸው በመረሻት፣ በጌጠኛው የኮርቻ ልብስ፣ ተጭና መጣች። ከጎረቤት ለእኔና ለሚዜዎቹ ሦስት ተለመኑ። «መኪና በመንገዱ ይዞራል፤ በቅሎ በአቋራጭ ትቆርጣለች። ሸጋ አድርገን እናደርሰዋለን» አሉ። ጥጋቡ ከመኪናዋ ጋር ቀረ።

አያ ደሴ በቅሎ አልተቀመጡም። በዚያ ዕድሜያቸው ዮናስ የተቀመጠባትን በቅሎ ልጓም ይዘው በእግራቸው ከፊት መሩ። እኔ ኮርቻው እየፈጨኝ፣ መነጽሬን በአንድ እጄ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሁለት ሸለቆ ወረድን፣ ሁለት ወጣን። በየመንደሩ ሴቶች እልል ሲሉ ዮናስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ድንኳኑ ሲታየን ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። አያ ወርቁ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው የድንኳኑን ገመድ ይዟል። ሰዓታቸውን አዩ፣ በቅሎዋን አዩ፣ ከዚያ ልጓሙን የያዙትን ሰው አዩ።

«አያ ደሴ? አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሙሽራህን አመጣሁልህ።»

ወርጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ልናገር ጀመርኩ። አያ ወርቁ አላስጨረሱኝም። «አያ ደሴ በእግራቸው እየመሩ ያመጡት ሙሽራ ይመለሳል እንዴ?» አሉና ገመዱን ለቀው ዮናስን ከበቅሎዋ አውርደው ሳሙት። ሙሽሪት በድንኳኑ ስንጥቅ ስታይ እንደነበረች በኋላ ነገረችን፤ እንባዋ ኩሏን አበላሽቶት እንደገና ተኳለች። እኔም አልቅሻለሁ፣ አቧራው ነው ብያለሁ።

ጥጋቡ ደግሞ ትራክተር ለምኖ መኪናዋን ገደብዬ ወፍጮ ቤት አስጎትቶ፣ በወፍጮው መስመር ሞልቷት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክላክስ እያስጮኸ ደረሰ። ሙሽሪት ወደ ጎንደር የገባችው በእሷ ነው።

ሰኞ ለሰላማዊት ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ከአሥራ አራቱ በመልቲሜትር የለኩት ስንቱን ነው?» አለችኝ።

«አንድም» አልኳት።

እንደገና ወጣሁ። በዚህኛው ጊዜ አያ ደሴ ልሂድ ብለው አብረውኝ ዞሩ። በየቤቱ እኔ መልቲሜትሬን ሳወጣ የባለቤቱ ፊት ጠቆር ሲል እሳቸው ይቀድሙኛል፦ «አይዞህ፣ ቃልህን አይደለም የሚለካው፤ ሽቦህን ነው።» ከአሥራ አራቱ መኪና መሙላት የሚችሉት አምስት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩትን ሰላማዊት ልታጠፋቸው ስትል አያ ደሴ ተቆጡ። «ስሜን ልትፍቁት ነው? እኔ እንግዳ አልቀበልም አልኩ?» ስለዚህ ለእነሱ ሌላ ምልክት ተሠራ፤ ትንሽ የጎጆ ሥዕል፣ ከሥሯ «ኤሌክትሪክ የለም፣ ማረፊያ አለ» ይላል። ዝናብ የያዘው ሾፌር ሁሉ ዛሬ እሷን ነው የሚፈልገው።

አሁን ጋራዥ የምሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አዲስ የሚገቡት ባለሙያዎች ከዚህ ሁሉ ዓመት ምን ተማርክ ይሉኛል። ከማላውቀው ሰው ባትሪ ሳልለካ አምኜ አላውቅም። ደግ ሰው ቤት ገብቼ ግን መለኪያ ማውጣት አፈርኩ፤ በዚያ እፍረቴ ዮናስ ሚስቱን ሊያጣ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «ደግ ሰው ቤትም ለኩ» እላቸዋለሁ።