የፍሪሲዮኑ አየር

ልጅ ሳለሁ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። ስሜ ትዕግስት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት ቸኩሎ መሆን አለበት። ስብከት ሳያልቅ ወጥቼ የምገባ፣ ምሳዬን ቆሜ የምበላ፣ ተኝቼም ብርድ ልብሱን የምራገጥ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «የዚች ልጅ እግር ውስጥ ጉንዳን አለ» ትል ነበር። ያኔ ሌላው ልጅ ተረት የሚሰማው እሳት ዳር ጉልበቱን አቅፎ ሲሆን፣ ለእኔ ግን ተረት የሚመጣልኝ ከመኪና ሥር ነበር፤ የሾፌሩ ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ግራ እግሬን ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ጭኜ፣ የአያቴን ድምፅ በወለሉ በኩል እየሰማሁ።

አባባ ላሚሶ የእናቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከሐዋሳ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ ጭነት ሲያመላልሱ ነው። አማርኛንም የተማሩት መንገድ ላይ፣ ከረዳትና ከጋራዥ ሰው አፍ ስለነበር ንግግራቸው እንደ አሮጌ ጭነት መኪና ቆም እያለ የሚሄድ ነበር፤ ቆም የሚሉባት ቃል ደግሞ «በቃ» ናት። «በቃ፣ ዝናቡ መጣ። በቃ፣ ሄድን። በቃ፣ ሰውየው ሳቀ።» ምንም የበቃ ነገር ሳይኖር በቃ ይላሉ። ከእናቴ ጋር በሲዳማ አፎ ሲያወሩ ግን እንዲህ ቆም ማለት የለም፤ እናቴም በዚህ ነገር ታሾፍባቸው ነበር።

አባቴ ሥራው ሌላ ከተማ ስለነበር ሐዋሳ፣ ታቦር በሚገኘው ቤታችን የምንኖረው ሦስታችን ነን። አባባ ጡረታ ሲወጡ የቀረቻቸው አንዲት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ቡሹሎ ወርደው ማሳቸውን ያያሉ፤ እንሰቱን ይነካካሉ፣ አቮካዶውን ይጭናሉ፣ ሲመለሱም መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ ከኋላ አሳፍረው ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲደገስ፣ የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ሲጓጓዝ የሚንኳኳው የእኛ በር ነበር። በሩ ሲንኳኳ አባባ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ይነሳሉ። ያቺ መኪና ባትኖር በረንዳ ላይ የሚውሉ አንድ ሽማግሌ ይሆኑ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከሁላችን አብልጠው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆመው፣ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን እንደረገጡ በሩ እስኪከፈትላቸው ሲጠብቁ፣ መኪናዋ በድንገት ዘለለችና የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ጥሳ ገባች። እዚያ አጥር ሥር የሰፈሩ ልጆች ሁልጊዜ የምንጫወትበት ቦታ ነው። ያን ዕለት ማንም አልነበረም፤ እኔም ሱቅ ተልኬ ነበር።

እናቴ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ አጥሩን አየችው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እግርዎ ደክሟል። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«እግሬ ምንም አልሆነም። ፍሪሲዮኑ ውስጥ አየር ገብቷል። በቃ፣ ፔዳሉ ለስልሷል፤ ብረግጠው ባዶ ነው።»

«አየሩ ከወጣ በኋላስ?»

«አየሩ ወጥቶ ማርሹ ሲገባ ከጮኸ እግሬ ነው። ያኔ ቁልፉን ራሴ እሰጥሻለሁ።»

እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠቻቸው። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነበር፤ አየሩ ነው ወይስ እግራቸው? እናቴ ጋራዥ ይውሰዷት ብትልም አባባ አጥር ጥሰው ጋራዥ መግባት ሞት መሰላቸው። ሥራው ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ፔዳሉ ላይ። እናቴ ተቀይማለች። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ የማያርፈው እግር ለሥራው ተመረጠ።

ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ኩራዝ አብርታ በከሰል ፍም በቆሎ ትጠብሳለች፤ ጭሱ ከጎረቤት ከሚመጣው የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ይሞላዋል። አባባ ማዳበሪያ አንጥፈው መኪናዋ ሥር ይገባሉ፣ ባትሪያቸውን በገመድ ያንጠለጥላሉ። ከማርሹ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጎን ካለችው ትንሽ ፓምፕ ላይ አንዲት ቡሎን አለች፤ አፏ ላይ እንደ ጉሉኮስ ቱቦ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን ዘይት ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይነክሩታል። እኔ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬ እይዛለሁ፤ እሳቸው ቡሎኗን ፈታ ሲያደርጉ አሮጌው ዘይት አረፋ እያለ በቱቦው ይወርዳል፤ ቡሎኗን ሲያጠብቁ «በቃ» ይሉኛል፣ ያኔ እለቃለሁ። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግሬን ካነሳሁ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በየመሃሉ ኮፈኑ ሥር ያለው የዘይት ዕቃ እንዳይጎድል አዲስ ዘይት ይጨምራሉ። ሥራው ሁሉ እግርን አሳርፎ መያዝ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማልችለው እሱኑ ነው። ጉልበቴ ይበላኛል፣ ትንኝ ቁርጭምጭሚቴን ትነክሰኛለች፣ አንገቴን አስግጌ በቆሎው መብሰሉን ማየት ያምረኛል።

አባባ ይህ ሲገባቸው ነው ተረቱን የጀመሩት።

«በእኛ አገር፣ ደጋው ላይ፣ ቤት ከቀርከሃ ነው የሚሠራው። በቃ፣ ሰው ቦታ ሲቀይር ቤቱን አያፈርስም፤ ጎረቤት ጠርቶ፣ እንጨት ከሥር አስገብቶ፣ በትከሻ ይሸከመዋል። አንድ ሽማግሌ ቤቱን ከታች ወደ ላይ ሊወስድ ሰው ጠራ። ተሸከሙ። ዳገቱን ሲጀምሩ፣ በቃ፣ ቤቱ ዘመመ…»

«በቃ» ሲሉ እግሬን አነሳሁ። ከሥር ቱቦው ጉርርር ብሎ ዘይቱን ወደ ላይ ሲስብ ተሰማኝ።

«ማን ልቀቂ አለሽ?»

«በቃ አሉኝ እኮ አባባ።»

«የተረቱ በቃ ነው እንጂ የፔዳሉ በቃ ነው?»

በረንዳው ላይ እናቴ ከአጥሩ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማናት። ምሽቱን ሙሉ ያወጣነው አየር ተመለሰ። በማግስቱ አዲስ ስምምነት አደረግን። አባባ ከሥር «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኔ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬ «የላም በረት» እላለሁ፤ ቡሎኗን ሲያጠብቁ የመኪናዋን ሆድ በመፍቻው ኳ ያደርጋሉ፣ ያን ጊዜ እለቃለሁ። በዚህ መሃል «በቃ» የፈለጉትን ያህል ማለት ይችላሉ።

በዚያ ሳምንት ተረቱ እንደ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ መጣልኝ። ቤቱ የዘመመው አንድ ሰው እየተሸከመ ስላልሆነ ነው። ግን ማን? ሁሉም ያልበዋል፣ ሁሉም ያቃስታል። መጀመሪያ ሰነፉን ጎረምሳ ጠረጠሩትና አስወጡት፤ ቤቱ ብሶበት ዘመመ። ቀጥሎ ዘፈን የሚያወጣውን፣ ትንፋሹን በዘፈን ይጨርሳል ብለው አስወጡት፤ አሁንም ዘመመ። ሽማግሌው ከሁሉ በላይ እየጮኸ «ከመካከላችሁ አንዱ እጁን ያስነካል እንጂ አይሸከምም» ይላል።

«አየርም እንደዚያ ነው» ይሉኛል አባባ። «በቃ፣ ቦታ ይይዛል። ስትገፊው ይኮማተራል እንጂ ሌላውን አይገፋም። ካልወጣ ዘይት አይገባበትም።»

«ማነው ግን አባባ?»

«አየሩ ይውጣና እሱም ይወጣል።»

መጨረሻውን ሳልሰማ መተኛት አቃተኝ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ከልቡ የማይዘምረው ማን እንደሆነ እፈልግ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ የሚወርደው ዘይት መጀመሪያ እንደ አተላ ጠቁሮ ነበር፣ ከዚያ ሻይ መሰለ፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ። ከእግሬ ሥርም ፔዳሉ ቀን በቀን እየጠነከረ ሲመጣ ይታወቀኝ ነበር። ይህ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አረፋው እንዳያልቅ እመኝ ጀመር። አየሩ ሲያልቅ የሚቀረው የእሳቸው እግር ብቻ መሆኑን ልጅም ብሆን አውቄዋለሁ።

ዓርብ ምሽት አረፋው ቆመ። አባባ ደጋግመው አዩት፤ ቱቦው ጥርት ያለ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ከሥር።

ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ረገጥኩት። «ጠንካራ ነው፣ አባባ።»

ከዚያ አባባ እየተንፏቀቁ ወጡ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ ዘይት የነካው የመኪናዋ ቀለም እንዳይላጥም ውኃ አፈሰሱበት። እናቴ ኩራዙን ይዛ መጥታ በሩ ጋ ቆመች። አባባ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገባቸው ተሰነቀርኩ። ሞተሩን አስነሱ። ፍሪሲዮኑን ረገጡና የኋላ ማርሽ አስገቡ።

ማርሹ ጮኸ።

እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጮኸ። በኩራዙ ብርሃን ወደ ታች አየሁ። ፔዳሉ መሃል ላይ ቆሟል፤ የአባባ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ጫማቸው ከዚያ ወዲያ አልወርድ አለ። እኔ እንኳ እስከ ታች የማደርሰው ፔዳል ነበር። አባባ ሞተሩን አጠፉት። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ፤ ከፊታቸው የተጠገነው አጥር ብቻ ነው ያለው። መቀመጥ አቃተኝ።

«አባባ፣ ቤቱስ?» አልኩ። «ማን ነበር የማይሸከመው?»

ዘወር ብለው አዩኝ። ረስተውት የነበረ መሰለኝ።

«ሽማግሌው ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «የቤቱ ባለቤት። ውኃ ጠጥቼ ልመለስ ብሎ ከእንጨቱ ሥር ወጣ። የወንድሙ ልጅ ቦታውን ያዘ። ቤቱ ቀጥ አለ።»

«ሲያታልላቸው ነበር?»

«አላታለለም። ልቡ ሙሉ ነበር፤ ላቡም እውነት ነበር። አርጅቶ አጥሮ ነው እንጂ። ትከሻው እንጨቱ ጋ አይደርስም ነበር፤ አለመድረሱን ግን አላወቀም።»

ከዚያ ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቅለው በመስኮቱ ለእናቴ ዘረጉላት።

«በቃ» አሉ።

ከዚያች ቃል በኋላ ምንም አላስከተሉም። እግሬ ምንም ያልረገጠ ሆኖ ሳለ፣ የፔዳሉን በቃ እንደሰማ ሁሉ ከወለሉ ተነሳ። እናቴ ቁልፉን ተቀብላ እጃቸውን ጭምር ያዘችው፣ ኩራዙን በሌላ እጇ እንደያዘች ቆመች። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

እናቴ ያኔ መኪና መንዳት አትችልም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባባ ወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምሯት ጀመር፤ «ርገጪ… በቃ፣ አሁን ማርሽ… በቃ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ…» እያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሹሎ መውረዳችን አልቀረም፤ በራችንም መንኳኳቱን አልተወም።

አባባ ባረፉ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ከተመለሰ በኋላ ያንን ተረት ለእናቴ አነሳሁላት። ግር ብሏት አየችኝ። እሷም ልጅ ሆና ከእሳቸው ሰምታዋለች፤ በእሷ ተረት የማይሸከመው ሰነፉ ጎረምሳ ነው፣ እሱ ሲወጣ ቤቱ ይቃናል፣ እዚያው ላይ ያልቃል። እንግዲህ የእኔን መጨረሻ አባባ የፈጠሩት ያኔ፣ መሪውን እንደያዙ፣ እኔ ስጠይቃቸው ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሠራለሁ፤ እግሬ አሁንም አያርፍም። ያ ተረት ደግሞ ጉንዳኑን ከእግሬ አልፎ ወደ ልቤም አወጣብኝ። ስብሰባ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ከሰው ጋር አንድ ነገር በተሸከምኩ ቁጥር ትከሻዬ እንጨቱን መንካቱን ደጋግሜ እመረምራለሁ። ላቤ እውነት መሆኑ አያጽናናኝም። ሌላ ማንንም ሳልጠረጥር ራሴን እጠረጥራለሁ፤ ይህ ሸክም ይሁን ስጦታ ገና አልለየሁትም።

በቀደም የራሴ መኪና ፔዳል ለሰለሰብኝና ግቢያችን ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፌ ከሥር ገባሁ። ፔዳሉን የያዘችልኝ እናቴ ናት። መንዳት ካቆመች ቆይታለች፤ «እኔ እረግጥልሻለሁ» ብላ ነጠላዋን ትታ ስትመጣ ግን እንቢ ማለት አልቻልኩም። «ተረት ተረት» አልኩ። «የላም በረት» አለች ከላይ። ጥቂት እንደሠራን ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ በወለሉ በኩል ሰማሁት፤ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ መሃል ላይ ይቀራል። መፍቻውን እንደያዝኩ ቆየሁ።

«አየሩ ወጣ?» አለችኝ።

ቱቦው ውስጥ አንድም አረፋ አልነበረም።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እማዬ» አልኩና፣ ቡሎኗን ሳልነካ ተረቱን ከመሃል ቀጠልኩላት።