በጫት መኪና የመጣ መርፌ

ጅጅጋ ውስጥ በሰዓቱ የሚደርስ ነገር ቢኖር የጫት መኪና ነው። ከአወዳይ ተነስቶ በሐረር በኩል ጡሩንባውን እየነፋ ስድስት ሰዓት ላይ ከተማችን ጥልቅ ይላል። እናቴ ያንን ጡሩንባ በሰማች ቁጥር ትራገማለች። "ልጄን የበላ!" ትላለች፣ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ።

ታላቅ ወንድሜ ቃሚ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ደምበል የሚባል ወረዳ ድረስ ባህል ሐኪም ዘንድ ተወስዶ በጋለ ብረት ተተኮሰ። ሆዱ ግን እየተነፋ ሄደ፤ ሠላሳ ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሙ "ጉበቱ ነው" ከማለት በቀር ያስረዳን ነገር አልነበረም። ጥፋተኛውን እናቴ ራሷ አገኘችው።

ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ደሜ ተመርምሮ የጉበት ቫይረስ ተገኘብኝ። ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቤተሰቡ ይመርመር ሲባል ባለቤቴ ነፃ ሆነ፤ እናቴ ግን እንደኔው ሆና ተገኘች። "አንቺ ነሽ ያስያዝሽኝ!" ብላ ቀለደችብኝ። እኔ የቀልድ ወሬ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ካልተከተበ ቫይረሱ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው እንደሚችል ሐኪሟ ነግራኛለች። ለአራስ የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ያኔ እኛ ከተማ አይገኝም፤ ሐረር አለ ተባለ። መብራት በሚጠፋበት ቤት አስቀድሞ ገዝቶ ማቆየት ስለማይቻል፣ መውለጃዬ ሲቃረብ ባለቤቴ ሄዶ ሊያመጣ ተስማማን።

ልጅቷ ግን ከታሰበው ቀን ቀድማ፣ ንጋት ላይ ጤና ጣቢያ ተወለደች። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ ሐረር ገባና ረፋድ ላይ ደወለልኝ።

"ክትባቱን አግኝቻለሁ። ሚኒባሱ ግን ገና ሰው እየጠራ ነው፣ ኮንትራትም አጣሁ። ፔርሙስ ውስጥ ከበረዶ ጋር አድርጌ፣ በረዶው እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልዬ ለጫት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ጫት ተራ ላይ ሰው ይጠብቀው።"

አጠገቤ የነበረችው እናቴ ብቻ ናት።

"በዚያ መኪና?" አለች።

"በዚያ መኪና።"

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጡሩንባ የለም። ዘግይቶ የማያውቅ መኪና ዛሬን መርጦ ዘገየ። አዋላጇ እየተመላለሰች "አልደረሰም?" ትለኛለች። ልጄ ትጠባለች፣ እኔ ካራማራ ተራራ ላይ የተገለበጠ መኪና ይታየኛል። እነዚያ ሹፌሮች እንደሆኑ ለነፍሳቸው አይሳሱም። አንዴ አምላክን፣ አንዴ ሹፌሩን እለምናለሁ።

ጡሩንባው ሲሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እናቴ ግን ቶሎ አልመጣችም። በመጨረሻ ብቅ ስትል ነጠላዋ ላይ የጫት ቅጠል ተጣብቋል፤ ፔርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ቸርቻሪዎቹ መኪናውን ከበው አላሳልፍ ብለዋት ኖሯል። "አንዷማ 'ሆዮ፣ እናቴ፣ አትጋፊ፣ ጫቱ ለሁሉም ይደርሳል' አትለኝም!" አለች። በዚያ ጭንቀት መሀል ሳቄ አመለጠኝ።

አዋላጇ ልጄን ጭኗ ላይ ወጋቻት። ልጄ ዓመት አልፏት ስትመረመር ደሟ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ቀን ግን ይህንን አላውቅም ነበር።

"እንኳን ደረሰልን፣ እማማ" አለች አዋላጇ፣ እናቴን ለማስደሰት ብላ። "ይሄ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ዝም ብሎ ይቆይና፣ ልጁ ለሰውነት ከበቃ በኋላ ጉበቱን ይበላዋል።"

እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አዋላጇ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ወንድምሽን ስወልደው ይሄ መርፌ ነበር?"

"አልነበረም እማዬ። የትም አልነበረም።"

ልቤ ተሰበረ። "ጫቱም ጉበት ይጎዳል ይባላል እኮ፤ እያጠኑት ነው" አልኳት። ልጄን ከአጠገቤ አንስታ አቀፈቻት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጡሩንባው ተሰማ። ቀና ብዬ አየኋት። ልጄን እንዳቀፈች ነበረች፤ አልተራገመችም።