እህል ውሃ በአፏ አልዞረም

ጋሽ ኪዳነ እንግሊዝኛ የሚችሉ ይመስላቸው ነበር። ቢበዛ ስድሳ ቃል ቢኖራቸው ነው፤ ከስድሳው ግማሹ ደግሞ የመድኃኒት ስም ነው። እኔ ግን በዚያው በስድሳ ቃል አንዲት ሕፃን ሲያድኑ ስላየሁ ዛሬ ዛሬ አልስቅባቸውም።

በመሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ያጠቡ፣ መርፌ የወጉ ጤና ረዳት ናቸው። ከዚያ በፊት ዲያቆን ነበሩ። በደርግ ጊዜ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ተፈልጎ ለጤና ሥልጠና ሲላክ አብረው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ድምፃቸው ግን ከመቅደስ አልወጣም። ተራ የደረሰውን በሽተኛ ሲጠሩ «ተንሥኡ» ያሉ ይመስል መቀመጫው ላይ ያለው ሁሉ ብድግ ይላል። እኔ አመተሥላሴ እባላለሁ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ትዕግሥት የላትም ይሉኛል፤ አልከራከርም።

በ1996 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሆላንድ ሰባት ሐኪሞች መጡ። ፈቃደኞች ናቸው። የዓመት ዕረፍታቸውን ሰውተው፣ ዕቃቸውን በሣጥን ጭነው፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ የድሃ ልጆችን በነጻ ሊሰፉ ነው የመጡት። «በነጻ» የሚባል ነገር ደግሞ የመንዝን ሰው ያስጠረጥረዋል። ደም ሊወስዱ ነው ያለ አለ፤ ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው ያለም አለ። ስለዚህ ጋሽ ኪዳነ ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ወር ሙሉ በእግራቸው ዞሩ፤ በገበያ ቀን ዘመሮ፣ በገበያ ቀን ቀየት። ልጆቹ ከእንግዳ ስለሚሸሸጉ አንዱን ልጅ ለማግኘት አምስት ሰው መጠየቅ ነበረባቸው።

ይመኙሻልን ያገኟት ከቀየት ወዲያ ካለ ጎጥ ነው። ልጇ ትሕትና ስድስት ዓመቷ ነው። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም፤ እህል የምትቀምሰውም ከጓዳ በር ኋላ ተደብቃ ነው። እናትየዋ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። በሦስተኛው ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ «ብትሞትብኝስ?»

«በእኔ ይሁንብሽ» አሏት ጋሽ ኪዳነ።

ይህን ሲነግሩኝ ተቆጣኋቸው። ቢላዋውን የሚይዘው ሐኪም እንኳ እንዲህ አይልም፤ እርስዎ ማን ሆነው ነው አልኳቸው። 

ሳምንቱ በደኅና ሄደ። ከሐኪሞቹ ሁሉ የምትፈራው የማደንዘዣ ሐኪሟ ዶክተር ኤልስ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ የማትስቅ ሴት። አንድ ትእዛዝ ነበራት፤ ልጆቹ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይበሉ፣ ምንም እንዳይጠጡ። ሆድ ውስጥ የተረፈ ነገር ካለ፣ ልጁ በመድኃኒት ሲተኛ ወደ ላይ ይወጣና ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ልጁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይሞታል። ይህን ለገበሬ እናት ማስረዳት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች «ወተት ብቻ ነው የጠጣ» ተብለው ተመለሱ። ጋሽ ኪዳነ ያን ማታ አስበው አስበው አንድ መላ አገኙ። በማግስቱ ሕዝቡን ሰብስበው፣ «እንደ ቆራቢ ጹሙ» አሉ።

አለቀ። ከዚያ በኋላ አንድም የበላ ልጅ አልመጣም። የዶክተሯ ጾም ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የቆራቢ ጾም አሥራ ስምንት ሰዓት ነው። ዶክተሯ ምን ብለው ነው ያሳመኗቸው ብላ ብትጠይቅ ጋሽ ኪዳነ ስድሳው ቃል አልበቃ ብሏቸው ደረታቸውን ብቻ ነፉ። እኔም ያን ቀን ኮራሁባቸው።

የመጨረሻው ቀን እሑድ ነበር። ሦስት ልጆች ቀርተዋል። ሐኪሞቹ በማግስቱ በረራ ስላላቸው መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ይነሣል። ሁለተኛዋ ባለተራ ትሕትና ነበረች።

ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሌሊቱን ውርጭ ስለጣለ ሰው ሁሉ በበግ ጠጉር ባና እና በጋቢ ተጀቡኖ ከዓይኑ በቀር አይታይም። እኔ ይመኙሻልን ስለመዘግየቷ ተቆጣኋት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። በልታለች ወይ፣ ጠጥታለች ወይ ብዬ ስጠይቃት በነጠላዋ ውስጥ፣ «እህል ውሃ በአፏ አልዞረም» አለችኝ። ካርዱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ረፋድ ላይ የፊተኛው ልጅ ሲወጣ ጋሽ ኪዳነም በር ላይ ደግመው ጠየቋት፤ ያንኑ መለሰች። «ኖ» ብለው ለዶክተሯ ተረጎሙና ልጅቱን አቅፈው ገቡ።

እናቶች ወደ ውስጥ ስለማይገቡ ጋሽ ኪዳነ ልጅቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው እናትየዋን ለማጽናናት ወጡ። ያኔ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ተገልጠው ግድግዳው ሥር ይሞቃሉ። ይመኙሻል ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጋሽ ኪዳነ ወደ እሷ ሲሄዱ መሐል ላይ ቆሙ። እኔ በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊታቸውን አየሁት፤ ደሙ ከላዩ ሲሸሽ አየሁ። ልጅቱ ሁልጊዜ አፏን ስለምትሸፍን ማንም ልብ አላላትም። እናትየዋ ግን ከንፈሯ ደኅና ነው።

«ይመኙሻል፣ ቆርበሻል?» አሏት።

በራሷ ንቅናቄ አዎ አለች።

«ልጅቱስ?»

«እሷን ትቼ ለብቻዬ ልቁረብ?» አለች፣ ግራ ገብቷት።

ጠበሉን ጠጥታ እንደሆነ ጠየቋት። እዚሁ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሲያልቅ ልጅቱ ጠምቷት ሁለት ዋንጫ ሙሉ ጠጥታለች። ይኸውም ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አባ ያውቃሉ ወይ፣ ልጅቱ ዛሬ እንደምትሰፋ ነግረሻቸዋል ወይ አሏት። አልነገረችም። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደሙ አይፈስም፣ ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ብትነግራቸው ይከለክሏታል።

«እንደ ቆራቢ ጹሙ አሉን፣ ጾምን» አለች። «ከጾመች ዘንድ፣ ብትሞትብኝ ሳትቆርብ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

እህል ውሃ አልዞረም ያለችው ዋሽታ አይደለም። ሥጋ ወደሙን እህል የሚል፣ የቅዳሴ ጠበልን ውሃ የሚል ሰው በእኛ አገር የለም። እኔም ብሆን አልልም።

ጋሽ ኪዳነ አንድ ጊዜ እሷን አንድ ጊዜ በሩን አዩ። ምን እንደሚያስቡ ኋላ ነግረውኛል። ዝም ቢሉ ልጅቱ ታልፈው ይሆናል፤ ትንሽ ውሃ ነው። ቢናገሩ ግን ተራዋ ያልፋል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ትሕትና ወደ ጓዳዋ በር ትመለሳለች፤ እናትየዋም ዳግመኛ ሐኪም ቤት አትረግጥም። «በእኔ ይሁንብሽ» ያሉት ቃልም ራሳቸው ላይ ቆሟል። ይህን ሁሉ ያሰቡት በሩ ጋ እስኪደርሱ ነው። ጫማቸውን ሳይቀይሩ ገቡ። እኔም ማንም ሳይፈቅድልኝ ተከተልኳቸው።

ዶክተር ኤልስ መርፌውን ልጅቱ ክንድ ላይ አስጠግታ ነበር።

«ስቶፕ» አሉ ጋሽ ኪዳነ፣ በዚያ በመቅደስ ድምፃቸው። ሁሉም ቆመ።

ዶክተሯ ምን በላች ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ ጋሽ ኪዳነ ተያዙ። ቁርባንን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አያውቁም። ያላቸው የገበያ ቃል ብቻ ነው። ዲያቆን ሆነው በሁለት እጃቸው ያገለገሉትን፣ ልጅ ሆነው ስሙን ሲሰሙ ይሰግዱለት የነበረውን ነገር፣ አንዲት ፈረንጅ ፊት ቆመው «ብሬድ» አሉት።  ቀጥለው «ዋይን» አሉ። ቀጥለው «ዋተር፣ ቱ» ብለው ሁለት ጣታቸውን አሳዩ። ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠች። ጋሽ ኪዳነ ልጅቱን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሷት እንባቸው ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል።

ስድስት ሰዓት መጠበቅ አለባት አለች ዶክተሯ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ስድስት ሰዓት ቢቆጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። መኪናው ስምንት ላይ ይነሣል። ይህን ለማወቅ ትርጉም አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ባለተራ፣ የዘመሮው ልጅ፣ በእሷ ተራ ገባ።

ይመኙሻል ልጇን ልታዝል ባናዋን አነሣች። እግዜር አልፈቀደም፣ እንሄዳለን አለች። ጋሽ ኪዳነ ከደጃፉ ላይ ቆሙና እንደ ጥፋተኛ ጎንበስ ብለው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደ ቆራቢ ያልኩ እኔ ነኝ» አሏት። ውስጥ የተናገሩትን ሦስት ቃልም አልደበቁም፤ አንድ በአንድ ነገሯት።  እሷ ቀና ብላ፣ «እርስዎ ዲያቆን አልነበሩ?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ፊቷን አዞረችባቸው። ግን ባናውን መልሳ ተቀመጠች።

የደሙ ነገር ገና ቀርቶናል። ጋሽ ኪዳነ ወደ መምሬ ገብረ አማኑኤል ላኩኝ፤ የዕለቱን ቅዳሴ የቀደሱት እሳቸው ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ መልሴን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እኔም አንድ ነገር ከተባልኩ አላርፍም። እሳቸው ግን ሰምተውኝ ሲያበቁ ለታመመ ሕግ አለው አሉ። ቀጥለውም፣ «ደሟ የነካውን ጨርቅ ሁሉ፣ አንዲት ክር ሳትቀር ሰብስባችሁ አምጡልኝ። እኔ ከቤተልሔሙ ጓሮ አቃጥለዋለሁ» አሉኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ አላልፍ አለ። ልጅቱ ራባት። ግድግዳው ሥር ያሉት ሴቶች የገብስ ቆሎ ሊያቀምሷት ይሞክራሉ፤ ጋሽ ኪዳነ ጎኗ ተቀምጠው ያንን ሁሉ እጅ ይመልሳሉ። «ምን ያለ ጨካኝ ነው» አለች አንዷ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ እንዲህ ያለ ጭካኔ ያብዛልን አልኳት። ልጅቱ ለቅሶ ሲያደክማት እናቷ ጭን ላይ ተኛች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የዘመሮው ልጅ አለቀለት፤ ከንፈሩ በሁለት በኩል የተሰነጠቀ ስለነበር ጊዜ ወስዷል። ሐኪሞቹ ሣጥኖቹን መዝጋት ጀመሩ። ሾፌሩ አፈወርቅ አንድ በአንድ እየተሸከመ ይጭናል። ስምንት ሰዓት ሞላ፤ አፈወርቅ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ኪዳነ አልተነሡም፤ ቀና ብለውም አላዩም። የሚለምኑበት ቃል ስድሳው ውስጥ የለማ።

ዶክተር ኤልስ ወጣች። ልጅቱን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ አፈወርቅ ሊያነሣው የነበረው የመጨረሻው ሣጥን ላይ ሄዳ ተቀመጠች። የእሷ ሣጥን ነበር። አፈወርቅ ቢነግራት፣ ጓደኞቿ ቢጠሯት አልነቃነቅም አለች። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ተቀመጠች። ቀዶ ሐኪሙ ኮቱን ለብሶ ነበር፤ ሲያያት ቆየና ኮቱን አውልቆ ለአፈወርቅ ሰጠው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እሷው ራሷ ተነሥታ ልጅቱን ከእናቷ ጭን ወሰደቻት።

ጋሽ ኪዳነ አዲስ ጣሳ አጥበው ይዘው ገቡ። ቃል ስለሌላቸው በእጅ ምልክት ነው የነገሩት፤ ደም የነካው ጨርቅ መሬት እንዳይወድቅ፣ ወደ ቅርጫቱም እንዳይጣል። ዶክተሯ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እየቆጠረች በእጇ ትሰጣቸው ነበር፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። ዲያቆን የነበሩ ጊዜም እንደዚህ ነበር የሚይዙት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሰዓት ፈጀ። እናትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ፊት ቆማ ነበር፤ አልተቀመጠችም፣ አላለቀሰችም። ልጅቱ እየተንፈራገጠችና እያለቀሰች ስትወጣ ግን እኔ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ሐኪሞቹ ያን ምሽት እንዴት ደብረ ብርሃን እንደደረሱ አላውቅም። ጣሳውን መምሬ ገብረ አማኑኤል ተቀበሉት።

ስፌቱን ልታስወጣ ልጅቱን ይዛ ስትመጣ እናትየዋን አይቻታለሁ፤ ከጋሽ ኪዳነ ጋር አልተነጋገረችም። እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመት ሙሉ አልቆረቡም። የንስሐ አባታቸው አልከለከሏቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የከለከሉ። እኔ ብናገር፣ ብቆጣ አልሰሙኝም። በቅዳሴ ጊዜ ከደጀ ሰላሙ አያልፉም ነበር።

በተከታዩ ጥር አንድ እሑድ እዚያው ደጀ ሰላም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ይመኙሻል ልጇን ይዛ መጣች። ከቀየት ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት። ትሕትና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ ስፌቱ ተበላሸ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሽ ኪዳነም ፊታቸው ጠቆረ።

እናትየዋ የልጅቱን ነጠላ ሳትገልጥ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ቆርባ ነው የሸፈነችው» አለቻቸው። «እንደ ሰው።»

ልጅቱ በዓይኗ እየሳቀች ታያቸው ነበር። ጋሽ ኪዳነ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙ። በሚቀጥለው እሑድ እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከመቅደስ ሲወጡ አየኋቸው፤ ሰላም ብላቸው በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ መለሱልኝ።