ያልተጠለለው ተልባ

ተልባ ሲፈላ የሚያወጣው ሽታ የእህልም ነው የሣርም ነው፤ የሚያውቀው ሰው ከሩቅ ይለየዋል። ቅዳሜ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ያ ሽታ ከማድቤት መጥቶ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አገኘኝ። ወቅቱ የጾም አልነበረም። ተነሥቼ ብሄድ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ድስት ጥዳ፣ ስልኳን የጨው ዕቃው ላይ አስደግፋ ታማስላለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"ለማን ነው ተልባው?" አልኳት።

"ለፀጉሬ" አለችኝ። ግድግዳውን ያዝ አድርጌ ቆምኩ።

የቃልኪዳን ፀጉር ከእኔ የወረሰችው ነው፤ ጥቅልል፣ ከርዳዳ፣ ሲደርቅ እንደ ቋጠሮ የሚሰበሰብ። እናቷ፣ ልጄ ገነት፣ ለዚያ ቀን ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዛላት ነበር፤ በመድኃኒት ሊያለሰልሱት። ያንን መድኃኒት የተቀባች የጎረቤት ልጅ ጆሮ ግንዷ ተልጦ ስናይ ከርመናል። ልጅቱ ሳምንቱን ሙሉ "አልፈልግም" ስትል ሰማኋት፤ እናቷ ግን ቀጠሮውን አልሰረዘችም። አሁን ድስቱ ላይ እንዲህ የተጣደፈችው እናቷ ከገበያ ሳትመለስ ፀጉሯን ፈታ አበጥራ ለማሳየት ነው። እኔም ይህን ጭንቅ አውቀዋለሁ። ተልባውንም አውቀዋለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከማንኩሳ ወጣ ባለ ገጠር ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ትንንሽ ሴት ልጆች ራሳቸውን ይላጫሉ፤ አናታቸው ላይ ቁንጮ ብቻ ይተዉላቸዋል። ጠና ስትይ ነው ፀጉርሽን እንድታሳድጊ የሚፈቀድልሽ። ያን ጊዜ ከሕፃናቱ ተለይተሽ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጫለሽ፤ ሹሩባ ሲሠራ ጭንቅላትሽን ጭናቸው ላይ አስደግፈሽ የትልልቆቹን ወሬ ትሰሚያለሽ። እኔ ያን ቀን ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ተፈቅዶልኝ ፀጉሬ ለሹሩባ በደረሰበት ዓመት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው።

ታላቅ እኅቴ የሺ ፀጉሯ ዞማ ነበር። ሚዶው፣ ያ የእንጨት ማበጠሪያችን፣ ከአናቷ ገብቶ በትከሻዋ ይወጣል። የእኔው ግን ሚዶ የሚሰብር ነበር። እናቴ ከሥሩ ትጀምርና ወደ ጫፍ ትጎትተዋለች፤ ዕንባዬ ይወርዳል፣ አንገቴ ይቆለመማል። "ከአንድ ማሕፀን ወጥታችሁ!" ትላለች በመገረም፣ እኔ ሆን ብዬ ያደረግሁት ይመስል። ቅቤ ካለ ግን ነገሩ ይቻላል። በአደስ የተነጠረ ቅቤ ሲገባበት ይለዝባል፣ ይላላል፣ ለሹሩባ እሺ ይላል።

ሁዳዴ ሲገባ ታዲያ ቅቤ በእኛ ቤት ከአፍም ከራስም ይወጣል። አባቴ ሕዝቡን "ጹሙ" እያሉ ልጆቻቸው አናታቸው ወዝቶ ሊታዩ አይችሉም። ለሁለታችንም እኩል ተከለከለ። እኩል ነው የሚሉት እነሱ ናቸው። የሺ ሁዳዴን ያለ ቅቤ ከርማ ፀጉሯ እንደነበረ ነው፤ የእኔው በጾሙ አጋማሽ ተያይዞ፣ ጠጥሮ፣ ጣት የማያስገባ ሆነ። አንድን ነገር ለሁለት ሰው ከልክሎ አንዷን ብቻ የሚጎዳ ከሆነ ያ ፍርድ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አልቀበልም። በዚያ ዕድሜዬም ተናግሬያለሁ። "ምላሷ ግን አይቋጠርም" ተባልኩ።

እናቴም ቁርጡን ነገረችኝ። "ለፋሲካ ሚዶ ካልገባበት ምላጭ ይገባበታል። እንዲህ ሆነሽ ቤተ ክርስቲያን አትሄጂም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። መላጨት ማለት ወደ ባለ ቁንጮዎቹ መመለስ ነበር። ከዚያም የባሰ ነበረው፤ በእኔ ዕድሜ ራሷን የተላጨች ልጅ በፋሲካ ከታየች ሰው ሁሉ "ማን ሞቶባት ነው?" ይላል። ወንዝ ወርጄ ፀጉሬን ነክሬ በጣቴ እየፈተልኩ ልፈታው ሞከርኩ፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ተያዘ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። በአካባቢያችን ያለው ምክር ሁለት ነው፤ ወይ ቅቤ፣ ወይ ምላጭ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ተልባ ሰጡኝ። ተቆልቶ የተወቀጠ፣ በውሃ የተበጠበጠ፣ የጾም ተልባ። ጎንበስ ብዬ ስጠጣ ከግንባሬ አንዲት ጉንጉን ዋንጫው ውስጥ ገባች። ላወጣት ስይዛት በጣቶቼ መካከል ሾለከች፤ ተንሸራታ ተፈታች። ደግሜ ነከርኳት፤ እንደ ክር ተዘረጋች። ቅቤ አይደለም፣ ጾም አይሽርም፣ ቤታችን ሞልቷል! በማግስቱ ማለዳ የሺ እንኳ ሳታየኝ የተልባውን ማሰሮ ይዤ ከጎታው ኋላ ተቀመጥኩ። አናቴ ላይ አፈሰስኩት። እንደ ጉድ ነው የተፈታው። እያንዳንዱ ጥቅልል ለብቻው ሲንጠለጠል እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። የዚያን ቀን ትምህርት ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው፤ ነፋሱ ያድርቀው ብዬ።

ደረቀ። ውሃው ሲሄድ የተወቀጠው ፍሬ ግን ቀረ። በሰልፍ ላይ ቆመን ፀሐይዋ ስትጠነክር ራሴን ይበላኝ ጀመር፤ ብነካው እፍኝ ሙሉ ፈዛዛ ፍርፋሪ እያንዳንዱ ፀጉር ላይ ተጣብቋል። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ጮኸች።

"ጋሼ! ጋሼ! ቅጫም ወርሷታል!"

"ተልባ ነው!" አልኩ።

"ኧረ? አዝመራው ከምኔው ደረሰልሽ?" አለ አንዱ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። የቅማል ዕንቁላል የመሰላቸው ልጆች ግራና ቀኝ ሸሹኝ፤ ብቻዬን እንደ ካስማ ቆሜ ቀረሁ። አስተማሪያችን በእስክሪብቶው ጫፍ ፀጉሬን ገለጥ አድርጎ አየ። ቀርቦ ቢያሸተው ያውቀው ነበር። አልቀረበም። "ተላጭተሽ ካልመጣሽ ክፍል እንዳትገቢ" አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ከሰልፉ ሮጣ የቀደመችኝ የሺ ነግራለች፤ ፊቷ በኀፍረት ቀልቷል። እናቴ ወደ ደጅ አወጣችኝ፣ ጭንቅላቴን ወደ ብርሃን አዘነበለች፣ አንዷን ፍርፋሪ በጥፍሯ ፈረፈረች፣ ከዚያ አሸተተች።

"ተልባ ነው" አለች ቀስ ብላ።

እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው። ተፈታሁ ብያለሁ። እናቴ ግን ገብታ ምላጭ ይዛ ወጣች።

"ተልባ ነው አልሽ እኮ እማዬ!"

"እኔ አውቄው ምን ሊረባ። አገሩ የቄሱ ልጅ ቅጫም ወረሳት ብሏል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ተልባ ነው፣ አሽትቱ ልበል?"

"የሺም ትላጭ እንግዲያው!"

"የሺ ምን አጠፋች?"

"እኔስ ምን አጠፋሁ?"

እናቴ በጉልበቶቿ መካከል ያዘችኝ። ምላጩ ከጆሮዬ በላይ ጀመረ፤ በደረቀ ተልባ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጥርሴን ያመኛል። አክስታችን እማሆይ ቤታችን ሰንብተው ነበርና ግድግዳው ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ድንገት እጃቸውን ገቱ። ቆባቸውን ነካ አድርገው፣ "አንቺ ሴት፣ እኔም ተላጭቻለሁ። ወድጄ፣ ተጠይቄ። ይህችን ማን ጠየቃት?" አሉ።

እናቴ ምላጩን አነሣች። በዚያች ቅጽበት ይቀርልኛል ብዬ ያልተሳልኩት ታቦት የለም። ከዚያ የሆነ ትኩስ ጠብታ አንገቴ ላይ ወደቀ፣ ምላጩም ቀጠለ። እንዳመነችኝ እያወቅሁ ተላጨሁ። ሳታምነኝ ቀርታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ መጣ። ከቡሬ ገበያ የመጣው ቅቤ ተነጠረ፣ እናቴም በወጉ መሠረት ለሁላችንም አናት አናታችን ላይ አደረገችልን። የየሺ ፀጉር ጠጥቶት ቀኑን ሙሉ አብለጨለጨ። የእኔ ራስ ባዶ ነበርና የሚይዘው የለም፤ ቅቤው ሞቆ በጆሮዬ ኋላ፣ በአንገቴ፣ በቀሚሴ ውስጥ ወረደ። እናቴ በመዳፏ እየሰበሰበች ወደ ላይ ትመልሰዋለች። ይወርዳል። ትመልሰዋለች። ፀጉሬ በኋላ በቀለ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ራሴን ለሚዶዋ አልሰጠኋትም፤ ለሠርጌ እንኳ የሠራችኝ ሌላ ሴት ናት።

ይህንን ሁሉ ግድግዳውን ይዤ እንደቆምኩ ሳስብ ቃልኪዳን ድስቱን አወጣች።

"ተዪው!" አልኳት። "ይደርቅብሻል፣ ቅጫም ይመስላል፣ ያዋርድሻል።"

"እምዬ፣ ከነፍሬው አይደለም እኮ። ይጠለላል" አለችኝ።

"ይጠለላል?"

"በስስ ጨርቅ። ዝልግልግ ውሃው ብቻ ነው የሚቀባው።"

ተቀመጥኩ። ጨርቅ ነበር የጎደለኝ። በዚያ ማለዳ ከጎታው ኋላ ስቀመጥ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነበር! ይህች ልጅ ስልኳን ስትጠይቅ ከማታውቀው አገር ሰው ይመልስላታል፤ እኔ ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብዞር የሚነግረኝ ነፍስ አልነበረም። እናቴም አታውቅም ነበር፤ ለእሷም የነገራት የለም። ይህን ያሰብኩት ገና ያኔ ነው፣ እሷ አፈር ከገባች ከስንት ዘመን በኋላ።

የነጠላዬን ጫፍ በሣህኑ ላይ ወጥሬ ያዝኩላት። ቃልኪዳን አፈሰሰች። ፍሬው ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ውሃው እንደ ዕንቁላል ነጭ ጠርቶ፣ እየተጎተተ ወረደ። ለሁለት ከፈልኩት ፀጉሯን፣ ደግሞ ለአራት፣ ከጫፍ ጀምሬ ቀባሁ። ገና ግማሹን ሳልጨርስ በር ላይ ባጃጅ ቆመና ገነት ገባች።

"ተነሺ፣ ባጃጁ እየጠበቀ ነው" አለቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ተጠግታ ጉልበቴን ያዘች።

"ጠየቅሻት?" አልኩ።

"እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ ሰው ሁሉ አላበጠረችላትም እያለኝ እኮ ነው…"

"ሰው ሁሉን አይደለም። እሷን ጠየቅሻት?"

ማበጠሪያውን አንሥቼ ለገነት አስጨበጥኳትና ያልደረስኩበትን ግማሽ አሳየኋት። ቆማ አየችው። ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ጨመቅሁ፤ ሣህኑ ውስጥ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤ ገነት ገና አልተቀመጠችም፣ ማበጠሪያውንም አልጣለችውም።