ከቀይ ድንጋይ ማዶ

አማቴ ብስክሌት ላይ ሲወጡ ዕድሜያቸው ይቀንሳል። በወጣትነታቸው ለክለብ ተወዳድረዋል፤ መቐለ ውስጥ ደግሞ ብስክሌት ቀልድ አይደለም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ፤ ብስክሌት የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ከእሳቸው ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለታችን ከከተማ እንወጣለን። እሳቸው መንገድ ይመራሉ፣ እኔ የሩቅ ማያ ባይናኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወፍና ዛፍ ሳይ እውላለሁ። ባለቤቴማ "አባቴም ሚስቴም አብደዋል" ብሎ ትቶናል።

የዚያን እሑድ የሄድነው ከዓይናለም መንደር ማዶ ወዳለች አንዲት ኮረብታ ነው። አናቷ ላይ የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። የንግሥት ቤት ነበር ይላሉ፤ የየትኛዋ ንግሥት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሰፍሮባት ስለነበር ከዚያ ወዲህ ሄደንባት አናውቅም።

"አሁን ፈንጂው ተለቅሟል አሉ" አሉኝ አማቴ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም።

ገና ስንነሳ ደስ አላለኝም። ሌላ ጊዜ እርሻው ርግብ በርግብ ነው፤ ቆቁም ከየቁጥቋጦው ሥር ይንጫጫል። ያን ጠዋት ድምፅ የለም። ኮረብታዋ ላይ ብቻ ጥንብ አንሳዎች ዝቅ ብለው ይዞራሉ። የሞተ አህያ ይሆናል አልኩ ለራሴ፣ ግን ዓይኔን ከእነሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ሌላም ነገር ነበር። ድሮ "ያቻትልሽ" እያሉ የሚቀድሙኝ አማቴ ናቸው። ያን ቀን ዝም። እሬቱ አብቦ ዳገቱን ቀይ አልብሶታል፤ ሳሳያቸው "ጥሩ ነው" አሉኝ ወደ ሌላ እያዩ። 

"አቦይ፣ ዛሬ ከወፎቹ ጋር ተኳረፉ እንዴ?" አልኳቸው፤ አቦይ በትግርኛ አባቴ ማለት ነው። ፈገግ ብቻ አሉ።

እኔ ደግሞ ተንኮል አያጣኝም። የመብራት ሽቦ ሥር ስንደርስ "ሽቦው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ወፍ አዩዋት?" አልኳቸው።

ቀና አሉ። "አየኋት ጓለይ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። "ታምራለች።"

ሽቦው ላይ ምንም አልነበረም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጠረጠርኩ። ሰሞኑን ሻያቸውን ሲደፉ፣ በር ላይ ከሰው ጋር ሲጋጩ፣ እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር። "አቦይ፣ እንመለስ፤ ደክሞኛል" አልኩ። "ደርሰናል እኮ" አሉና ፔዳላቸውን ረገጡ። መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ በእግራቸው ያውቁታል፤ ለካ የሚነዱት በዚያ ነው።

ዳገቱን ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ወጣን። ፍርስራሹ ጋ ስንደርስ ግድግዳው ውስጥ የበቀለች ዋርካ አየሁ፤ ሥሯ ያንን የሚያህል ጥርብ ድንጋይ ለሁለት ከፍሎታል። ባይናኩላሬን አንሥቼ ጥቂት አየኋት። ሳወርደው አማቴ ከፊቴ ርቀዋል። በእኔና በእሳቸው መካከል ቀይ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

በዚህ አገር ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቀይ ድንጋይ ካየህ አትለፍ፤ ከዚያ ወዲያ ያልፈነዳ ነገር አለ።

"አቦይ! ባሉበት ይቁሙ!"

ቆሙ። "እባብ ነው?"

"ቀይ ድንጋይ አልፈዋል።"

"ብዙ ነው ያለፍኩት?" አሉ ቀስ ብለው።

ክው አልኩ። ድንጋዮቹ ከኋላቸው በግልጽ ይታያሉ፤ ዞር ብለው ቢያዩ ይበቃ ነበር። ቢያዩ።

"አይዙሩ" አልኳቸው። "የጫማዎና የጎማው ዱካ አፈሩ ላይ ይታየኛል። እኔ በምልዎ ብቻ ይመለሱ። ቀኝ እግርዎን ወደ ኋላ፤ ትንሽ ወደ ግራ፤ እዚያ ያሳርፉ። ብስክሌቱን ይተዉት።"

"አልተወውም።"

"ሞት ፊት ቆመው ለብረት ይሟገቱኛል?" ብዬ ጮኽኩባቸው። አማቴን። በሕይወቴ እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን መሪውን ጨብጠው፣ ጎማውን በራሱ ዱካ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ፣ እኔ በምጠራው እግር ብቻ መጡ። መሃል ላይ አንድ ወፍ ከቁጥቋጦ ቱር ብሎ ሲነሣ ደንግጠው ተንገዳገዱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቆመው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ጀርባቸው እጄ ጋ ሲደርስ ሸሚዛቸውን ጨምድጄ ሳብኳቸው፤ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩ።

"ከአምና። ጠርዝ ጠርዙ ጨለመ። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሎኛል።" ከዚያ ክንዴን ያዙ። "ለልጄ አትንገሪው ጓለይ። ብስክሌቱን ይወስድብኛል። እሱን ከወሰደብኝ ቤት ተቀምጦ ሞትን መጠበቅ ነው።"

አንጀቴን በሉት። እሺ ልላቸው ነበር፤ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ነው ትንሿ ልጄ ትዝ ያለችኝ።

"አቦይ፣ ጠዋት ጠዋት ልጄን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ነኝ።"

"ያንን ሁሉ ባጃጅና መኪና እንዴት ነው የሚያሻግሯት?"

"ከፊቴ ያለው ሰው ሲሻገር እሻገራለሁ" አሉኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ረጋ ብለው። "ተመስገን ነው፣ እስካሁን ምንም አልሆነችም።"

እኔ ፊት፣ እሳቸው ኋላ ሆነን ቁልቁል ወረድን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አንድ እግሬን መሬት አድርጌ ቆምኩ። የፊት ጎማቸው የኋላ ጎማዬን ነካ። ከግራ ድንጋይ የጫነ መኪና እየመጣ ነው።

"ተሻገሪ" አሉ። "ከኋላሽ ነኝ።"

አልተሻገርኩም። ብሄድ ይከተሉኛል። አንዱ ደፋር ሮጦ ቢሻገርም ይከተሉታል፤ ልጄን ይዘው። መኪናው ነፋሱን እየገፋብን አለፈ። እሳቸው የደነገጡት ካለፈ በኋላ ነው።

ወርጄ ብስክሌቴን ጥጉ ላይ አስተኛሁና የእሳቸውን መሪ ያዝኩ። "ይስጡኝ አቦይ።"

አልለቀቁም። እኔም አልለቀቅኩም።

"ዛሬ ለልጅዎ ራስዎ ይንገሩት" አልኩ። "አለበለዚያ እኔ እነግረዋለሁ። ልጄ ነገ በእግሯ ትሄዳለች።" ጠላኋቸው፣ አዘንኩላቸው፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ከመሪው ተላቀቁ። ከዚያ ወርደው ትከሻዬን ለመያዝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፈልገው አጡት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያዝኩት።