የበረደው ጋን

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ የማኅበር ተራችን ነበር። ባለቤቴ ማኅበር ማውጣት ከጀመረች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አንድ ቀን እንኳ ለማኅበርተኛ የተገዛ መጠጥ አቅርባ አታውቅም። ጠላዋ ስሟ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ታኅሣሥ ማለት ደጅ ያደረ ባልዲ ውሃው ላይ የበረዶ ቆዳ የሚያወጣበት ወር ነው። ይኼንን እናውቃለን። ዘንድሮ አዲስ የሆነብን የመብራት ምጣዱ ነው። ልጃችን ናት የገዛችልን፤ የእናቷ ዓይን በጭስ መቅላቱ አንጀቷን በልቷት። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። ባለቤቴ ለጠላው የሚሆነውን ገብስ ቆላችበት፣ ቂጣውንም ጋገረችበት፤ አንዲት ኩበት ሳትነድ ሥራው አለቀ። እኔም ኩበት ከመጠፍጠፍ ማረፋችንን ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ድፍድፉ ጋን ገባ። ከዚያ መፍላት ነበረበት። የእኛ ጋን ሲፈላ ይሰማል። ጆሮህን ስታስጠጋ ሽው ሽው ይላል፤ ሽታውም ከበር ይቀበልሃል። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝም። በሦስተኛውም ዝም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ጌሾውን ጠረጠረች፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ የመጣው ቅጠል የከረመ ነው አለች። ቀጥላ ብቅሉን። ቀጥላ እኔን።

«አንተ ነህ። እንደ አዋላጅ አጠገቡ ተጎልተህ።»

«ጆሮዬን ብቻ ነው ያስጠጋሁት።»

«አንተስ ሰው ደረትህ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቢውል ሥራ ትሠራለህ?»

ይኼን ብላ ጋቢዬን ከትከሻዬ አንስታ ለጋኑ አለበሰችው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሳችን ተጨመረ። የቀረኝ ካፖርቴ ነበር፤ እሱን ቆልፌ ጋኑ ማዶ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ገባች፤ እሷም እንደ እኛው በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ከፀሐይ መጥታ ዓይኗ ሳይለምድ ጥግ ላይ የተጀቦነውን አየችና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ውይ ጋሼ! እግዜር ይማርዎ! ምን አገኘዎት?»

«አሜን» አልኩ ከማዶ።

ዞራ አየችኝ። ጋኑን አየችው። እንደገና እኔን።

«እና ይኼ ማነው?»

«ጠላው ነው» አለች ባለቤቴ፤ «አልፈላ ብሎ።»

ሴትዮዋ እጇን ከጋቢው ሥር አስገብታ ጋኑን ዳሰሰች።

«ይኼማ በረዶ ነው! እሳት አታነዱም እንዴ?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን።

ነገሩ ይኸው ነበር። ድሮ ገብስ ሲቆላ፣ ቂጣ ሲጋገር ምድጃው ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ግድግዳው ይሞቃል፣ ጋኑ ይሞቃል፣ ዶሮዎቹም እኔም እንሞቃለን። ማታ ረመጡ ይዳፈንና ቤቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ያ ሁሉ ማገዶ ገብስ ለመቁላት ብቻ የሚሄድ ይመስለን ነበር። ምጣዱ ገብሱን ቆላ፤ ሌላውን ሥራ ማንም አልነገረውም።

ኩበት ግን አልነበረንም። ምጣዱ ከመጣ ወዲህ የላሟን እበት ማሳ ላይ እየበተንኩት ነበር። ስለዚህ ጆንያዬን ይዤ ወደዚያችው ጎረቤት ቤት ሄድኩ።

«ኩበት ድሮ ቀረ ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ ጆንያውን እየሞላችልኝ።

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ ድሮን ተሸክመው ይሂዱ።»

ተሸክሜ ሄድኩ። ሦስት ቀን ከጋኑ ጎን እሳት አነደድን። ገብሱን ለመቁላት ይበቃ ከነበረው በላይ ኩበት ሳይሄድ አልቀረም፤ ገብስ ቶሎ ይቆላል፣ ጋን ግን ቶሎ አይሞቅም። መብራቱንም ከፈልን፣ ጭሱንም ጠጣን። ባለቤቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ጋኑን ትዞረዋለች፣ ተመልሳ ትቆሰቁሳለች። አረፍ በይ ስላት አትሰማም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሽው የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝና ጠራኋት። ጆሮዋን አስጠጋች፤ እኔ ከማስጠጋው ረዘም ላለ ጊዜ።

«ገና ነው» አለች። ግን ጋቢዬን መለሰችልኝ።

ድፍድፉ በመጨረሻ ሽው ሲልላት ውሃውን ጨምራ ጋኑን ስትከድነው ለበዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እሷ ለጠላ የምትሰጠው አምስት ቀን ነው።

ማኅበርተኛው መጣ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። የመጀመሪያው ዋንጫ የሚሰጠው ማኅበሩን ለሚመሩት ሽማግሌ ነው። ባለቤቴ ቀዳችላቸውና ማሰሮውን እንደያዘች ቆመች። ሽማግሌው ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ይቺ ጠላ ገና ልጅ ናት» አሉ።

አንድ ጊዜ ደግመው ፉት አሉ።

«ጣፈጥ ትላለች። ጉሮሮ አትይዝም።»

«ጋኑ በርዶት ነው አባቴ» አለች ባለቤቴ፤ ድምፅዋ ጠፍቶ።

«ይበርደዋላ፤ ታኅሣሥ አይደለ?» ዋንጫውን ጨለጡና ዘረጉላት። «ድገሚኝ፤ እኔ ዘንድ ታድጋለች።»

ደገመቻቸው። ሌሎቹም ዋንጫቸውን ዘረጉ። ለሁሉም ቀድታ ስትጨርስ ማሰሮውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ጋኑ ዝም ካለ ወዲህ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።