ያላወጣሁት ምስጢር

የያዙኝ ሰንጋ ተራ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የምክር ቤት ኮሚቴ ባለሙያ ነበርኩ። በዝግ ስብሰባ የተነገረ ነገር ውጭ ተሰምቶ ኖሮ፣ ያወጣኸው አንተ ነህ ተባልኩ። አላወጣሁም። ዝም ከማለት የተሻለ የምችለው ሥራም አልነበረኝ።

ልደታ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ የጌጃ ሰፈር ባለሱቅ ናቸው፤ አባቴን የሚያህሉ የስልጤ ሰው። የጸጥታ ሰዎች የወሰዱትን ልጃቸውን ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ሰለቿቸውና እሳቸውንም አሰሯቸው። ይህን ሲነግሩኝ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

እኔም በምን እንደታሰርኩ ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ቀረብ ብለው ልጃቸው የተወሰደበትን ካምፕ ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። ያ ዝግ ስብሰባ የተጠራው በዚያ ካምፕ ጉዳይ ነበር።

«እዚያ ስላሉት ልጆች የተባለ ነገር አለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ አይጠብቁት። በወረርሽኝ አልቀዋል። የተረፈ የለም ነው የተባለው።»

የታሰርኩበትን ወንጀል የሠራሁት ያን ጊዜ ነው።

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ማን ነገራቸው ሊባል ነው። ሌሎቹ ከተመለሱ በኋላ ጥግ ላይ ለሶላት ቆሙ፤ ሳያጎነብሱ፣ ግንባራቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ እንደቆሙ ጨረሱ። ለሞተ ሰው የሚሰገደው እንደዚያ ነው። ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቁ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

በማግሥቱ መርማሪው አስጠራቸው። እኔ ያወራኋቸው ነገር ካለና ከነገሩት ዕለቱን ቤታቸው እንደሚገቡ ቃል ገባላቸው። ተመልሰው አጠገቤ ሲቀመጡ ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

«ይሄ ልጅ ስለ ሥራው ትንፍሽ አይልም አልኩት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቤት ብገባስ የልጄን እናት ምን ልላት ነው?» አሉኝ።

እኔ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ ተፈታሁ። ማስረጃው እሳቸው ነበሩ፤ እስካሁን እዚያው ናቸው። ሱቁን ሚስታቸው ይዘውታል። ከባለቤታቸው ጋር እንደታሰርኩ ስለሚያውቁ፣ ሳሙና ልገዛ በገባሁ ቁጥር ከአባትና ከልጅ ቀድሞ የሚፈታው ማን እንደሚመስለኝ ይጠይቁኛል።

«አባትየው» እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በእሳቸውም ተስፋ ቆርጫለሁ።